ለእንጨቱ ማግኔት ይቅርታ ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የሳይንስ ዕቃዎቹ የተቆለፉበትን የመስታወት ቁም ሣጥን ቁልፍ ቀን ከሌት የሚሸከመው አንገትዎ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ባለችው ጠባብ ክፍል ልብስ የምሰፋ፣ የተማሪዎችዎን ሱሪ ጉልበት ስጥፍ የምውል ሴት ነኝ፤ ይበልጥ የሚያስታውሱኝ ግን ባለፈው ሳምንት በእንግዶች ፊት «አይስብም» ያለችው የአራተኛ ክፍል ተማሪ እናት መሆኔን ስነግርዎ ነው። ልጄ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ፊት ቆማ «ማግኔቱ ይስባል፤ ዋሽቼ ነው፤ ይቅርታ» እንድትል፣ አለዚያ ክፍል እንዳትገባ መወሰንዎን ሰምቻለሁ። ልጅ በአደባባይ ይቅርታ ከጠየቀች እናት በአደባባይ ብታመሰግን ነውር አይሆንም ብዬ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጻፍኩ።

አንደኛ፣ ስለ ተግባር ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ልጄ የሳይንስ ደብተሯን ገልጣ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ እንዳስቀመጡ፣ በየቀኑ ውሃ እንዳጠጡት፣ ሥር እንዳወጣ፣ ቅጠልም እንዳበቀለ አነበበችልኝ። ባቄላው የት እንዳለ ስጠይቃት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ነው አለችኝ። መምህሯ ከላይ «አሠራር»፣ ከታች «ውጤት» ብላ ትጽፋለች፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ፍሬ ሳትገባ ባቄላው ይበቅላል። መምህሯን አልወቅሳትም፤ አንድ ጊዜ ጥጥና ባቄላ ከቤቷ ይዛ መጥታ «ክፍል አቆሸሽሽ» ተብላ መልሳ እንደወሰደችው አውቃለሁ። እርስዎ ግን ይህን ውሃም አፈርም የማይፈልግ ዘር ለገበሬዎች ቢያካፍሉ ትልቅ ጽድቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ሒሳቡም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ልጆቹ ሊትርን የሚማሩት በሥዕል ነው፤ እውነተኛው መለኪያ ብርጭቆ ግን ጠረጴዛዎ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ ቆሟል። ልጄን «ወላጅ አምጪ» ብለዋት ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ፣ ቁጣዎን በትዕግሥት የጨረስኩት በብርጭቆው ላይ ያሉትን ቁጥሮች እያነበብኩ ነው።

ሦስተኛው ማግኔቱ ነው። የሳይንስ ቀን ተብሎ ቁም ሣጥኑ ተከፈተ፤ ልጆቹ እኔው የሰፋሁትን ነጭ ጋውን ለብሰው በየዕቃው አጠገብ ቆሙ፤ እንዲናገሩ እንጂ ምንም እንዳይነኩ ተመከሩ። ለእኔዋ የደረሳት «ማግኔት ብረት ይስባል» ማለት ነበር፤ አለችም። ሁሉም እንደ ሠርግ ቤት አምሮ ሳለ አንድ እንግዳ ለጌጥ የተቀመጠውን ምስማር አንስተው «እስቲ አሳዪኝ፣ ልጄ» አሏት። አስጠጋችው፤ ምስማሩ ንቅንቅ አላለም። ደግማ አስጠጋችው። ከዚያ «አይስብም» አለች። አልሳቀችም፣ አላሾፈችም፤ ያየችውን ተናገረች እንጂ።

ይህን ድፍረት ከየት አመጣችው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ከሱቄ ወለል ነው። መርፌ ሲበተንብኝ ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ፈልቅቀን ባወጣናት ማግኔት የምትለቅምልኝ እሷ ናት፤ ማግኔት ሲስብ እጇ ያውቀዋል። ያን ቀን ደግሞ እጇ ሌላም ነገር ነግሯታል፤ ዕቃው ቀሊል ነበር፣ ምስማሩ ሲነካው ቀዩ ቀለም ተላጠ፣ ከሥሩ እንጨት ወጣ። ዋናው ማግኔት ጠፍቶ ንብረት ቆጠራው እንዳይጎድል አናጺ የጠረበው ነው የሚሉ አሉ። እኔ አላውቅም፤ ቁልፉ ያለው በማን አንገት እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል እሰማለሁ፤ በእርስዎ ትምህርት ቤት ደግሞ የቆለፉበት እንጨት ከማግኔት ይቆጠራል።

እስካሁን በጨዋ ደንብ ጽፌያለሁ፤ አሁን ግን መናደዴን አልደብቅዎትም። ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ ማግኔቷን አትነካም። መርፌ ሲወድቅ ተንበርክካ በጣቷ ትለቅማለች፣ ትወጋለች፣ ጣቷን አፏ ውስጥ ትከታለች። ምነው ብላት «እማዬ፣ ምናልባት እኔ አላውቅበት ይሆናል» አለችኝ። ይህን ቃል ስሰማ የነደድኩትን ያህል በሕይወቴ ነድጄ አላውቅም። እርስዎ ልጄን ምንም ሳያስተምሯት የምታውቀውን አስጠፉባት። አሁን ደግሞ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ዓይኔን ግንባር ያድርገው እንድትል ይፈልጋሉ። ሰልፉ ላይ የሚቆሙት ልጆች ከዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ በዓይናቸው የሚያዩት የመጀመሪያው የተግባር ትምህርት ይኸው ሊሆን ነው፤ ያየ ይቀጣል፣ የገለበጠ ያልፋል።

ስለዚህ ልጄ ሰኞ ጠዋት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ዩኒፎርሟን ተኩሼላት በሰልፉ ትገኛለች። የቁም ሣጥንዎ ማግኔት በልጆቹ ፊት አንዲት ምስማር ካነሳ ይቅርታውን ትጠይቃለች፤ እኔም ከጎኗ ቆሜ እጠይቃለሁ። ካላነሳ ግን ይቅርታው የማን እንደሆነ የአራተኛ ክፍል ልጅም ቢሆን መልሱን አያጣውም።

አክብሮቴን በሜትር ለክቼ፣ ለስፌት የሚተርፈውንም ጨምሬ የማቀርብልዎ፣

የአጥር ማዶዋ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ምስማሩን እሷ ከቤት ይዛ ስለምትመጣ አይጨነቁ። የእርስዎ ማግኔት እንደ ልማዱ እምቢ ካለ፣ የራዲዮዋን ማግኔት በዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ አድርጌላታለሁ፤ ተውሰው ሊያዩባት ይችላሉ። ብቻ ቁም ሣጥን ውስጥ አይቆልፉብኝ፤ መርፌዎቼ አሁንም ወለል ላይ ናቸው።