ቤል የሚባል ሰው

ዛሬ ሰኞ፣ የካቲት አሥር ነው። እታበባ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርሽ። እማዬ «ሁላችንም ደህና ነን፣ ወንድይፍራውም ያልጻፈልሽ ሥራ በዝቶበት ነው ብለሽ ጻፊ» ብላኝ ነበር። ጻፍኩት። መልሼ ሳነበው ግን ፊቴ ጋለብኝ፤ ቀደድኩትና ይህን ጀመርኩ። መናገር እንደማልችል አንቺ ታውቂያለሽ። አስተማሪያችን ስሜን ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምትልልኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት። በጽሑፍም የምችል አይመስለኝም፤ ብቻ ልሞክር።

ለመሆኑ አንቺ እንደምን ነሽ? የአሰብ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? ያ ራስ ምታት ተወሽ ወይ? ጋሽ ገብረወልድስ ከወደቡ በደህና ውሎ ይገባል? ኤልሳቤጥ ጥርስ አወጣች ብለሽ ጽፈሽ ነበር፤ አሁንማ ሰው መንከስ ሳትጀምር አትቀርም። እኛ በሕይወት አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ትንቀሳቀሳለች። ላሚቱ ወልዳለች። ከዚህ በኋላ የምጽፍልሽ ግን ደህና ወሬ አይደለም፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ወንድማችን ወንድይፍራው ታስሯል። ሰው ገድለሃል ተብሎ ነው። ነገ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ አርባ ምንጭ ሊወስዱት ነው። እማዬ «እዚያ የሄደ በቶሎ አይመለስም» ትላለች፤ ስትለው ግን እኔን አታየኝም።

ከአውሮፕላን ሜዳው ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ልብስ እንደሚሰፋ ታውቂያለሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከሥራ በኋላ ጥቂት ሰዎች እዚያ መሰብሰብ ጀመሩ። አንድ አስተማሪ፣ አንድ የመኪና ረዳት፣ ደግሞ ድሬሰሩ ደበሌ፤ ያ እማዬን መርፌ ሲወጋት እየዘፈነ የሚያስረሳት። በሩን ገርበብ አድርገው ሻይ ይጠጣሉ፣ ይሳሳቃሉ። እዚያ ሲስቁ ሌላ ቦታ እንደሚስቁት አይደለም፤ ትከሻቸው ሁሉ ይፈታል። ከተማው «የሴታ ሴቶች ማኅበር» ይላቸዋል። በዚያ የሚያልፍ ጎረምሳ «የዛሬዋ ተረኛ ማን ናት?» ብሎ ሲጮህ ወንድሜ ከውስጥ ሆኖ «አንቺ ነሽ፣ ጽዋውን ይዘሽ ግቢ!» ይለዋል። ጎረምሳው ይሮጣል። እኔ ጥግ ተቀምጬ ክር ስፈታ እስቅ ነበር፤ እንደዚያ የምስቀው ሌላ ቦታ አልነበረም።

በኅዳር ወር፣ በአንዱ ረቡዕ ጠዋት፣ ልብስ ሊያጥቡ የወረዱ ሴቶች ደበሌን ነሪ ወንዝ ዳር ተገድሎ አገኙት። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ፖሊሶቹ ግን «ሌላ ማን ይሆናል? እርስ በርሳቸው ነው» አሉ። ለቀብሩ ከዚያ ክፍል ሰዎች በቀር ብዙ ሰው አልወጣም።

በታኅሣሥ አንድ ሰው መጣ። ገብረ ማርያም እባላለሁ፣ ከጎፋ ነኝ፣ ቁልፍ መትከልና መዘምዘም እችላለሁ አለ። ወንድሜ ቀጠረው፤ እማዬም የጓሮዋን ክፍል አከራየችው። እታበባ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ወደድኩት። እንደ ሌላው ሰው «ወንድምሽ አፍሽን ሰፍቶታል ወይ?» እያለ አያሾፍብኝም። ዝም ስል አብሮኝ ዝም ይላል። ማታ ከነዚያ ሰዎች ጋር ሻይ ይጠጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ በሩን በሩን እያየ ነበር የሚስቀው፤ በኋላ ግን የሱም ትከሻ ተፈታ።

አንድ ቀን ወንድሜ ሸሚዝ ሊሰፋለት ለካው። ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ ሲያሳልፍ ጋሽ ገብረ ማርያም ዓይኑን ጨፈነ፣ ትንፋሹንም ያዘ። ወንድይፍራው «ተንፍስ እንጂ ሰውዬ፣ ሸሚዙ ሊጠብህ ነው!» ብሎ ሳቀበት። እኔ ካውያውን ይዤ ቆሜ ነበር። እኔ እሱን እንዴት እንደማየው አውቃለሁ፤ እሱም ወንድሜን እንደዚያው ሲያየው አየሁት። ካውያውን መልሼ ከሰሉ ላይ ማስቀመጤን እንጂ ሌላ ያደረግሁትን አላስታውስም።

ወንድሜ ግን የሚያየው ሌላ ሰው ነበረው። ዶላሞን አታውቂውም፤ የአልዱባ የበና ሰው ነው፣ ማር ያወጣል። ወንድሜ ማክሰኞ ማክሰኞ የስፌት መኪናውን አስጭኖ አልዱባ ገበያ ቁምጣ ይሰፋል። እዚያ ተዋወቁና ፍየል አርደው ቤል ሆኑ። ከሄድሽ ቆይተሻልና ረስተሽው እንደሆነ፣ ቤል ማለት በናና ሐመር ቃል የሚገባቡት ወዳጅ ነው። ቤቱ ቤትህ ነው፣ ጠላቱ ጠላትህ ነው። አባባም ነበራቸው እኮ፤ ሲሞቱ ከቱርሚ ድረስ በእግሩ መጥቶ ያለቀሰላቸው ሰውዬ ቤላቸው ነበር።

ወንድሜ ለእናቱ እንኳ ሳይለካ መቀስ አያነሳም። ባለፈው መስከረም ግን ለዶላሞ ሰማያዊ ሸሚዝ ሳይለካ ቆረጠለት። ዶላሞ ለበሰው፤ ልክ ሆነ። ክንዱም፣ ትከሻውም፣ አንገቱም። ያን ጊዜ ገባኝ። ለዚህ ነገር ቄሶቹ አንድ ስም አላቸው፣ ፖሊሶቹ ሌላ ስም አላቸው፤ ሁለቱንም አልጽፋቸውም። እኔ ያየሁት ልክ የሆነ ሸሚዝ ነው።

በጥር መጀመሪያ ጋሽ ገብረ ማርያም የካኪ ሱሪ አምጥቶ «የአጎቴ ልጅ ሱሪ ነው፣ ቁመቱ የኔን ያህል ነው፣ አሳጥርልኝ» አለው። ወንድሜም በጥንቃቄ ዘመዘመለት። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ያንኑ ሱሪ ለብሶ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ ከፖሊሶች ጋር በራችን ላይ ቆመ። ፖሊሶቹ «መቶ አለቃ ወልደሰማያት» ይሉታል። ለካ ገብረ ማርያም የሚባል ሰው አልነበረም። ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ «ማኅበሩ ፈረሰ!» ብሎ ያጨበጨበም አለ። ወንድሜ ከስፌቱ ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ፊቱን ሳይሆን የሱሪውን እግር ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ «ልክ መጣ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አደረገ።

ያስያዘው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ወንድሜ አንድ ማታ ሻይ ሲጠጡ ስለ ደበሌ አንስቶ «እኔ ከቤል ጋር ሆኜ፣ ደበሌ ሞተ» እያለ አልቅሶ ነበር። ደበሌ በሞተበት ሌሊት አልዱባ ዶላሞ ቤት አድሮ ነበርና ብቻውን ተውኩት ማለቱ ነው። መቶ አለቃው የደጋ ሰው ነው፣ ቃሉን አያውቅም፤ ዶላሞም ከታኅሣሥ ጀምሮ ከብት ይዞ ቆላ ወርዶ ስለነበር አላየውም። ስለዚህ ቤል የሰው ስም መሰለው። «ቤል ከተባለ ግብረ አበሩ ጋር ሆኖ ገደለው» ብሎ ጻፈ። ገበያተኛው ሁሉ በማታው መኪና ተመልሷልና ወንድሜ የት እንዳደረ የሚመሰክር የለም። «ቤል የት ነው?» ሲሉት «ወዳጄ ነው» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።

ከዚያ ፖሊሶች ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ማር ሻጮቹን «ቤልን ታውቁታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። እንዴት አናውቅም! አሉ። አንዱ የኔ ዲመካ ነው የሚኖረው አለ። አንዱ የኔ ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር አለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ የኔን ከፈለጋችሁት ውሰዱት፣ ለራሱ እንጂ ለእንግዳ ማር የማያወጣ ስስታም ነው አለ። እትዬ ኸዲጃ ከሱቋ ሆና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ «አገሩን በሙሉ ሊያስሩት ነው!» አለች። ከተማው እስከ ዛሬ ይስቃል። እኔ ግን በዚያው ቀን ምሳ ሳቀብል ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ወሰን፣ የዶላሞን ስም እንዳትጠሪ፤ እኔን ያደረጉኝን ያደርጉታል» አለኝ። ሸሚዙ በደም ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ሐሙስ ነሪ ወርጄ ያንን ሸሚዝ ሳጥብ መቶ አለቃው መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የቃሉን ትርጉም ኤርጎ የሚባለው የጣቢያው ዘበኛ እየሳቀ እንደነገረው፣ ጽሑፉ ግን አርባ ምንጭ እንደደረሰ ነገረኝ። ቀጥሎ «ወንድምሽ እንዳልገደለ አውቃለሁ» አለኝ። እታበባ፣ ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። ታዲያ ለምን አትናገርም? አልኩት። «ምን ያህል ብትቀርበው ነው ልቡን ያወቅህ ይሉኛል» አለኝና የሱሪውን ዝምዝማት በጣቱ ይዳስስ ጀመር። ማልቀሱን ላለማየት ወደ ውሃው ዞርኩ። ልጠላው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ልቤን የሰበረው ይህ ነው። እኔ እሱን፣ እሱ ወንድሜን፣ ወንድሜ ዶላሞን፤ አንዳችንም ደፍረን አንናገርም።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዶላሞ አጥራችን ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ወሬው ቆላ ደርሶት ነው የመጣው። ሰማያዊውን ሸሚዝ ለብሷል። በበና ቋንቋ ሁሉንም ነገርኩት። ከእማዬ ጋር ጨው ስንሸጥ የለመድኩት ነው፤ የሚገርመው በዚያ ቋንቋ አላፍርም። ወንድሜ እንዳትጠሪው ብሎ እንደከለከለኝ፣ ምን እንደሚያደርሱበትም አልደበቅሁትም። እሱም «ፍየሉን ስናርድ ለጥጋብ ጊዜ ነው አልተባባልንም» አለኝ። ነገ የአልዱባ ገበያ ነው፤ እሱ ግን እዚሁ ይውላል። የገበያ አማርኛ እንጂ ለጣቢያ የሚሆን አያውቅም። ኤርጎ እንዳያስተረጉምለት እፈራለሁ፤ ያ ሰው ሁሉን ነገር ቀልድ ያደርገዋል።

እማዬ ከመታሰሩ በቀር ይህን ሁሉ አታውቅም፤ በምትጽፊው ደብዳቤ እንዳታነሺባት አደራ። ጋሽ ገብረወልድን በጣም ሰላም በይልኝ። ለአማትሽ ለእማማ ባዩሽ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ኤልሳቤጥን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አጎቷ ለፋሲካ ቀሚስ እሰፋላታለሁ ብሎ አበባ ያለበት ጨርቅ ለይቶ አስቀምጦላታል፣ ጨርቁ እኔ ጋ አለ። ላሚቱም፣ እማዬም፣ እትዬ ኸዲጃም ሰላም ይሉሻል።

ነገ መኪናው ሳይነሳ ከዶላሞ ጋር ጣቢያ እገባለሁ። መቶ አለቃው እዚያ ይኖራል፤ ፊቱን ሳላይ እናገራለሁ። ዶላሞ «ያን ሌሊት ቤቴ አድሯል» ሲል ቃል በቃል እተረጉማለሁ። ቤል ማለት ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ድምፄ ቢንቀጠቀጥም፣ ቃል የተገባባ ወዳጅ ነው እላቸዋለሁ። እውነት ነው። ከዚያ ያለፈውን ከጠየቁኝ አልተረጉመውም፤ እሱ የሁለቱ ነው።

እህትሽ ወሰንየለሽ
ጂንካ፣ የካቲት 10 ቀን 1978 ዓ.ም.