ከበሬዎቹ ጋር የተሳፈርኩበት ቅዳሜ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለከብት ሐኪሟ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ትምህርቱስ እንዴት ያዘሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉንፋን ለቋታል። መኪናውን ከሁለት ወር ወዲህ የሚነዳው ታላቅ ወንድምሽ ነው፤ ለጊዜው ነው። ስለ ዓይኔ እናትሽ የምትጽፍልሽን ግማሹን ብቻ እመኚ።

የላክሽልኝን የከብት ማጓጓዣ ደንብ እናትሽ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ውሃውንም ዕረፍቱንም ተቀበልኩ። አንዱ ግን ከነከነኝ፤ በእኛ መኪና ልክ ከአሥር በሬ በላይ አይጫንም የሚለው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አሥራ አራት ስጭን የኖርኩት፣ ጠበቅ ካሉ ይደጋገፋሉ ብዬ ነው። ሾፌር ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ማን አይቶ? ሾፌር የሚያየው ወደ ፊት ነው።

ቅዳሜ ወንድምሽን "እኔ ከኋላ እሳፈራለሁ" አልኩት።

"አባዬ ምን ነካህ? ጋቢና እያለልህ?"

"እህትህ የላከችውን ልመርምር።"

እንደ ልማዳችን አሥራ አራቱን ጭነን፣ ከጋቢናው ጀርባ በወፍራም እንጨት ተከልዬ ቆምኩ። ልጄ፣ መደጋገፍ የሚባል ነገር የለም። መኪና ሲዞር በሬ እግሩን ከፈት አድርጎ መቆሚያ ይፈልጋል። ሲያጣ የጎረቤቱን እግር ይረግጣል፤ ያኛው ሲሸሽ ሦስተኛው ይንገዳገዳል። ጠርዝ ላይ ትንሽ ቦታ ያገኙት ደግሞ ወደ ጎን ዞረው ነው የሚቆሙት። ለምን ይሆን? አስተማሪዎችሽን ጠይቂልኝ።

ከድልድዩ ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ ወንድምሽ ፍሬን ያዘ። በቀስታ ነበር፣ አልወቅሰውም። አንድ ዳለቻ በሬ ወደቀ። ሦስት ጊዜ ሊነሳ ሞከረ፤ የሚነሳበት ክፍተት የለም። ሌሎቹ ሊረግጡት አልፈለጉም፤ ግን የት ይሂዱ? ቀንዱ ወለሉን ሲመታ ድው፣ ድው ይላል። ድምፁን አውቀዋለሁ። ጋቢና ሆኜ ስሰማው፣ ጎማው ድንጋይ እያፈናጠረ ነው እል ነበር።

ጋቢናውን በጡጫ ደበደብኩት። መኪናው ሲቆም፣ መንገድ ዳር ካለ ከፍ ያለ አፈር አስጠግተን አራቱን አወረድን። ዳለቻው ቦታ ሲያገኝ በራሱ ተነሳ፤ አነከሰ እንጂ አልተሰበረም።

ባለቤታቸው ነጋዴው በስልክ "በሁለት ዙር? አብደሃል እንዴ?" አለኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ እንደዚህ ነው" አልኩት።

ወንድምሽ አሥሩን አድርሶ እስኪመለስ አራቱን ዛፍ ላይ አስሬ ጥላው ሥር ተቀመጥኩ። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው፣ ለካ በሬው አልነበረም።

እሁድ ለሾፌር ጓደኞቼ አወራሁላቸው። "ሽማግሌው በመጨረሻ ከእኩዮቹ ጋር ተሳፈረ" ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲበርድ የተሳቢ ሾፌሩ፣ ያ በልጅነትሽ ከረሜላ የሚያመጣልሽ፣ ጠጋ ብሎ "ያ ድው ድው የሚለው ድንጋይ አይደለም እንዴ?" አለኝ።

"አይደለም" አልኩት።

ስንት ዓመት እንደሰማሁት ግን አልነገርኩትም።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን፣ ልጄ። ማየትን አይንሳሽ፤ ያየሽውን የምትናገሪበት አፍም አይንሳሽ።

አባትሽ