ዳንቴል የለበሰ ባትሪ

ጥቅምት 21

ልብስ አጠብኩ። ሾርባ ሠራሁ። እትዬ አንድ ማንኪያ ቀምሳ "ጨው በዝቶበታል" አለች። ትናንት አንሶት ነበር። ነገ ደግሞ ምን ይሆን... እንጃ።

ከሰዓት ዩፒኤሱ፣ ያ ባለ ባትሪ ሳጥን፣ ጮኸ። ጢጥ... ጢጥ... ከዚያ ዝም። መብራት ግን አልጠፋም። መብራት ሳይጠፋ ምን ሆንኩ ብሎ ነው የሚጮኸው?

"ዝም አሰኚው" አለችኝ ከአልጋዋ።

"እሹሩሩ ልበለው?"

አልሳቀችም። ለመሳቅም ትንፋሽ ይጠይቃል። እሷ ደግሞ ያለቻትን ትንፋሽ የምታጠፋው እኔን በማዘዝ ነው።

ጥቅምት 22

ዛሬም ጮኸ።

ይህን ሳጥን ያመጡላት የድሮ ተማሪዎቿ ናቸው፤ አዋጥተው። የእትዬ ሳንባ ደርቆ ጠጥሯል፤ ያለ ኦክስጅን ማሽን መዋል አትችልም። ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራም። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ በሆዱ ባለው ባትሪ ማሽኑን ትንሽ ያቆይልኛል። በዚያች ትንሽ ጊዜ እኔ ሲሊንደሩን ከኮሪደር እየገፋሁ አመጣለሁ፣ በመፍቻ እከፍታለሁ፣ ቱቦውን አዞራለሁ። የእህቴ ነፍስ ያለችው በዚያች መሃል ነው። ሲሊንደሩ ለምን አጠገቧ አይቆምም? መልኩ ያስጠላታላ! "ክፍሌ ጋራዥ አይደለም" ነው ያለችው።

ሐኪሙ ምን እንዳገኛት አላወቀም። እሷ ግን ለጠያቂው ሁሉ "ጠመኔ ነው" ትላለች። "የሰው ልጅ ሳስተምር ነው የተጎዳሁት።"

አዎ። የሰው ልጅ ነው ያስተማረችው። የእናቷን ልጅ አይደለም።

ጥቅምት 24

ቀይ መብራት በራ። ከሥሩ የባትሪ ሥዕል አለው።

"ዓይኔን ወጋኝ" አለች።

ዩፒኤሱ ከመጣ ቀን ጀምሮ ዳንቴል ለብሷል። ቀዩ መብራት በዳንቴሉ ቀዳዳ ስለሚታያት ዛሬ ሌላ አስደረበችበት። ወፍራሙን፣ ከአናቱ እስከ እግሩ የሚደርሰውን። እጁ የእኔ ነው፤ ትእዛዙ የእሷ።

በዚህ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ ሬዲዮው፣ የሶፋው ትከሻ... ሁሉንም በእጇ ነው የሠራችው፤ ማታ ማታ፣ ከትምህርት ቤት መልስ። እኔ ብቻ ነኝ ራቁቴን የቀረሁት።

ጥቅምት 27

ቴክኒሺያኑ መጣ። ሽበታም ሰውዬ ነው፤ ሆዱ ቀድሞት ይገባል። ጫማውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

"ግባ እንጂ ጭራሮ!" አለችው እትዬ።

ተማሪዋ ሳለ ቀጭን ስለነበር ያወጣችለት ስም ነው። ሆዱን አይታ እንኳን አልለወጠችለትም።

"እንደምን ዋሉ ቲቸር" አለ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። ሥራ ሊሠራ ሳይሆን ሊገረፍ የመጣ ነው የሚመስለው።

ማሽኑን በቀጥታ ከግድግዳው ጋር አገናኘና ሳጥኑን ፈታው። ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ተኝተዋል። በመለኪያው ለካቸው።

"ይዩ እማማ" አለኝ። "ሥራ ሳይኖራቸው ሲለኩ ሁለቱም ደህና ይመስላሉ። ሸክም ሲሰጣቸው ነው የሚታወቀው።"

አምፖል አያያዘባቸው። የአንደኛው ቁጥር ቁልቁል ወረደ።

"ይኼኛው ደክሟል። ግን ሁለቱም አብረው ነው መቀየር ያለባቸው። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ ደካማው ጠንካራውን ይጎትተዋል።"

"ደህናውን ለምን እንጥላለን?" አለች እትዬ። "ማባከን ነው ያስተማርኩህ?"

"ኧረ አይደለም ቲቸር።"

"እንግዲያው!"

ላብ በላብ ሆኖ አንዱን ብቻ ቀየረ። ሲጨርስ ዳንቴሎቹን ራሱ አለበሰው፤ ጠርዛቸውን እያስተካከለ፣ ሁለቱንም። ከዚያ አየት አደረጋቸውና አፉን ከፈተ... መልሶ ዘጋው። አይቼዋለሁ።

ጥቅምት 28

ደካማው ጠንካራውን ይጎትተዋል አለ። ከትናንት ጀምሮ ይቺ ነገር ውስጤ ትመላለሳለች። ከእኔና ከእሷ ደካማዋ ማን ናት? ማን ማንን ጎተተ?

እናታችን ስትታመም አንዳችን ቤት መቅረት ነበረብን። ታናሽየዋ ቀረች። እትዬ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቀሚሷን ይዤ አለቀስኩ። "አታልቅሺ፣ ማታ ማታ አስተምርሻለሁ" አለችኝ። የመጀመሪያው ማታ ደከመኝ አለች። ከዚያ ፈተና መጣ... ከዚያ አስተማሪ ሆነች። እኔ የሆቴል አንሶላ ሳጥብ ኖርኩ።

አንዳንድ ቀን ምሳ ላደርስላት ስሄድ በክፍሏ መስኮት ድምፅዋን እሰማ ነበር። የማይገባው ልጅ ሲያጋጥማት አትቆጣም ነበር። "እንደገና" ትለዋለች። ደግሞም "እንደገና"። እስኪገባው። ለእኔ አንድም ቀን።

ፊደል የቆጠርኩት ባሌን ቀብሬ፣ ጉልበቴም ማበጥ ከጀመረ በኋላ ነው፤ በጎልማሶች ክፍል። ስነግራት "በስተርጅና?" አለች። ሌላ አልጨመረችም።

የዚያን ቀኑን የበር ላይ ነገር ረስታዋለች። ልጅ ነበረች... ልጅ ይረሳል።

ኅዳር 3

አረንጓዴ መብራት ነው። ዝም ብሏል።

ስወለውል እጄን ዳንቴሎቹ ሥር አስገባሁ። ይፋጃል! ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር። ገለጥኩት።

"መልሺው።"

"ይሞቃል እኮ እትዬ።"

"አንቺ ስለ ኤሌክትሪክ ምን ታውቂያለሽ?"

እውነቷን ነው፤ ምን አውቃለሁ? መለስኩት።

ኅዳር 9

ፊደሎቼ ተጋጭተዋል። ነገ ጽሑፌን እኔው ራሴ አላነበው ይሆናል...

ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጢጥ እስኪል ጠበቅኩ። አላለም። ማሽኑ እስስ... ብሎ ቆመ። ሁሉም ነገር ድርግም።

ሮጥኩ፣ የእኔ ሩጫ ሩጫ ከተባለ። የሲሊንደሩ ጎማ ምንጣፉ ላይ ተያዘ። አላቀቅኩት። መፍቻው ከእጄ አምልጦ አልጋ ሥር ገባ። በሆዴ ተኝቼ ሳወጣው የሚያመኝ ጉልበት እንዳለኝም ረሳሁ። ቀና ስል ከንፈሯ ጠቁሯል። ዓይኗ እኔ ላይ ነው... ያ ሁሉን የሚያዘው ዓይን። ምንም አላዘዘም።

ከፈትኩት። ቱቦውን አዞርኩ። ቀስ እያለች ተመለሰች።

የመጀመሪያ ቃሏ ምን ነበር? "የት ነበርሽ?"

የት ነበርኩ!

"እዚሁ" አልኳት። "መቼ ከዚህ ወጥቼ አውቃለሁ?"

ኮሪደር ወጥቼ ግንባሬን ከግድግዳው አስደገፍኩ። አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ እንጂ። ዛሬ አምልጣኝ ቢሆን፣ ያንን የማታ ማታውን አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቃት ልቀር ነበር።

ኅዳር 10

ጭራሮ በጠዋት መጣ። ማሽኑን ከግድግዳው ጋር አገናኝቶ ሳጥኑን ኮሪደር አውጥቶ ፈታው። ባትሪዎቹ አንወጣም አሉ። አብጠው ቦታቸው ላይ ተቀርቅረዋል። በግድ ሲያወጣቸው የተበላሸ እንቁላል ሸተተ። አዲሱም አብጧል። አዲሱም!

"ሙቀት ነው እማማ" አለኝ በሹክሹክታ። "አሮጌው አዲሱን አድክሞታል፣ ያም አለ። ግን የገደላቸው ሙቀት ነው። እነዚህን ቀዳዳዎች አዩ? ሳጥኑ የሚተነፍሰው በነዚህ ነው። ዳንቴሉ ደፍኗቸዋል።"

"ያን ቀን አላየኸውም?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያስ?"

"ቲቸር ናቸው እኮ..."

"ሁለቱም አብረው ይቀየሩ ማለቱንስ ለምን ተውከው?"

"ቲቸር ናቸው እኮ እማማ!"

"አንተ ሽበታም! ልጅ የዳርክ ሰውዬ! ግባና ንገራት።"

ገባ። መግባት እንኳን አይባልም፤ በሩ ላይ ተጣበቀ።

"ቲቸር... ስለ ሙቀቱ ጉዳይ..."

"አፍህን ሞልተህ ተናገር!"

"ምንም አይደል ቲቸር። ይስተካከላል።"

ደሜ ፈላ። ዳንቴሎቹን ከወለሉ አፍሼ ገባሁና አልጋዋ ላይ ጣልኳቸው።

"ያፈነው ይኼ ነው" አልኳት። "መተንፈሻ አጥቶ ነው የሞተው። አንቺም ልትከተይው ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ምንም አይለብስም። ባትሪዎቹ ሁለቱም ይቀየራሉ። ሲሊንደሩም እዚህ አጠገብሽ ይቆማል፤ ክፍልሽ ጋራዥ ይምሰል!"

ኮሪደር ላይ ጭራሮ ምራቁን ሲውጥ ተሰማኝ።

እትዬ ጣቷን የዳንቴሉ ጠርዝ ላይ ስታመላልስ ቆየች። "ይህን ማን አስተማረሽ?" አለች።

"አንቺማ አይደለሽም።"

አሁን ሳስበው... ጭራሮን ሽበታም ብዬ ሰደብኩት። እጄን እየፈጀኝ መልሼ ያለበስኩት እኔ አይደለሁ? ከእሱ በምን ተሻልኩ?

ኅዳር 11

አላናገረችኝም። ሾርባውን ግን ጨርሳዋለች።

ኅዳር 12

አዲሶቹ ባትሪዎች ገና አልመጡም። መፍቻውን በሽርጤ ኪስ ይዤ እውላለሁ። ሰማዩ ጠቆር ባለ ቁጥር ልቤ ወደ አምፖሉ ይሮጣል። ዛሬ አንዴ ብልጭ ድርግም አለ። ሁለታችንም እኩል ቀና አልን። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። መልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ዳንቴሎቹን አጥቤ አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ያምራሉ። ማማራቸውን መቼ ካድኩ?

ኅዳር 14

ሁለቱም ባትሪ ተቀየረ። ጭራሮ ዛሬ የማሽኑን ገመድ ከዩፒኤሱ ጋር አገናኝቶ "ልፈትነው" አለ። መጀመሪያ እትዬን በሲሊንደሩ አስተነፈስናት። ከዚያ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው። ሦስታችንም ሳጥኑ ላይ አፈጠጥን። ጢጥ አለ... ማሽኑ ግን አልቆመም። መሥራቱን ቀጠለ፣ ቀጠለ...

"ተመስገን" አለ ጭራሮ፣ ላቡን እየጠረገ። እትዬን ፈራ ተባ እያለ አየት አደረጋትና፣ "ዳንቴል ግን አይለብስም ቲቸር" አለ። ጮክ ብሎ።

"ሰምቻለሁ" አለች። "አልደነቆርኩም።"

ደረጃው ላይ ስሸኘው እግሩ እየቀለለው ሲወርድ አየሁት።

ኅዳር 18

ነገ ለጉልበቴ ሐኪም ቤት መሄድ አለብኝ። እትዬ ብቻዋን መዋሏ ነው። ስለዚህ ዛሬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ማስተማር ጀመርኩ። እኔ!

"ቀስ እያለ ጢጥ ካለ መብራት ሄዷል፣ ባትሪው ይዟል ማለት ነው። ቶሎ ቶሎ ካለ ሊያልቅ ነው። ያኔ ሲሊንደሩን መክፈት ነው።"

"ገባኝ።"

"ምኑ ነው የገባሽ? በይ ድገሚው።"

ደገመችው። መሃሉን ዘለለችው። አስደገምኳት። ከዚያ መፍቻውን ሰጠኋት። ያን ሁሉ ዳንቴል የሠራው ጣት መፍቻ መያዝ አቃተው። አንዴ አንሸራተታት። አንዴ ወደ መዝጊያው አዞረችው።

"እንደገና" አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። እሷም ሰማችው። መፍቻውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ብዙ ቆየች።

"ማታ ማታ አስተምርሻለሁ ብዬሽ ነበር" አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

"በሩ ላይ። ቀሚስሽ ቢጫ ነበር።"

ቢጫ ነበር። እኔ ራሴ ረስቼው ነበር... ቢጫ፣ ክንዱ ላይ የተጣፈ።

እኔ እኮ ረስታዋለች እያልኩ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የኖርኩት። ልጅ ነበረች፣ ከአእምሮዋ ወጣ፣ ምን ታድርግ... በዚህ ነበር የምጽናናው። አልረሳችውም። እያስታወሰች፣ ማታ ማታ፣ ለሬዲዮ ልብስ ስትሠራለት ኖራለች።

ምን ልበላት? ይቅር ብዬሻለሁ? አልመጣልኝም። ስድብም ፈለግኩ፤ እሱም አልመጣም። እሷ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። የምትጠብቀው ነገር አለ። እኔም እኮ ብዙ ጠብቄያለሁ።

መፍቻውን ከጭኗ አነሳሁ። መዳፏን ዘርግቼ መልሼ አስያዝኳት።

"እንደገና" አልኳት።