ድምፅ ሲሰጥ በር አይከፈትም

ውድ ሊቀመንበር፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው፤ ከአንገት በላይ ነው። የላክልኝን አንብቤዋለሁ። «በጉባኤው ወቅት ለተፈጠረው አለመግባባት ጽሕፈት ቤቱ ጥልቅ ሐዘን ይሰማዋል» ትላለህ። ጽሕፈት ቤቱ ማነው? እኔ የማውቀው ጽሕፈት ቤት አንተና እኔ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ እግሩ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን የፈጠርነውን ነው። እሱ ደግሞ አያዝንም። አለመግባባትም አልነበረም። እህቴ በደንብ አስረድታሃለች፤ አንተም በደንብ ገብቶሃል።

ከዚያ ዝቅ ብለህ፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ፣ ዘንድሮ በመክፈቻው ዕለት መጥቼ የምርጥ ተወካይ ሜዳሊያ እንድቀበል ትጋብዘኛለህ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ስናደድ አፌ ስለሚተሳሰርብኝ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ፤ አፌ ግን ተፈትቷል።

አባቴ ያንን ጉባኤ ከሁላችንም በላይ ወዶት ነበር። ተማሪዎች ተሰብስበው፣ ኮት ለብሰው፣ አንዱ አንድ አገር ሌላው ሌላ አገር ሆነው ስለ ዓለም ሲከራከሩ መዋላቸው በጣም ያስቀው ነበር። ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ ጎማ እያላቀቀ ንግግሬን ያለማምደኝ ነበር። ባሕር ሊውጣት የደረሰች ደሴት ተወካይ መሆኔን ስነግረው «እና ደሴትሽ ከሰመጠች ተመልሰሽ እኔው ቤት ልትገቢ ነው?» አለኝ። ወንበሮቹን በአሮጌ ፒክአፑ ያመላለሰልን ጊዜስ? «ለመንግሥታት ወንበር የጫነ ጎሚስታ እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ለደንበኞቹ ሁሉ ሲያወራ ከረመ። አንተን «አምባሳደሬ» ይልህ ነበር። እኔን እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ደንቡን የጻፍከው አንተ ነህ። ስልክ መግቢያው ላይ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል። ድምፅ መስጠት ከተጀመረ በሩ ይዘጋል፤ የሚገባም የሚወጣም የለም። እውነተኞቹ ዲፕሎማቶችም እንዲህ ነው የሚያደርጉት አልከን። ይሁን፣ ለጨዋታ ጥሩ ደንብ ነው።

በድምፅ መስጫው ዋዜማ ደግሞ «ድንገተኛ ቀውስ» ብለህ አንዷን የቴአትር ተማሪ ቀይ የተነከረ አንሶላ አልብሰህ፣ በሩን አስበርግደህ «ወደቡ ጋየ!» አሰኘሃት። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ በዚያ በር ላይ የሚያለቅስ ሰው ሁሉ ተዋናይ መስሎ ይታየን ጀመር።

በማግስቱ የመጣችው ግን እህቴ ነበረች። ፀጉር ከምትሠራበት ቤት የደንበኛዋን ፀጉር ሳትጨርስ፣ ቀይ ቀለም የነካ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ነው በሩጫ የመጣችው። በር ላይ ያቆምናት የሕግ ተማሪ ደንግጣ አንተን ጠራችህ፤ አንተም ወጣህ። የተባባላችሁትን ከእህቴም ከተማሪዋም ሰምቻለሁ፤ አንድም ቃል አልተለያዩም።

«እህቴን ጥራልኝ! አባታችን ወድቆ ኦፕራሲዮን ሊገባ ነው። ትንሿን ሳላይ አልገባም እያለ ነው!»

«ድምፅ እየተሰጠ ነው። በሩ አይከፈትም፤ ትንሽ ታገሺ።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ነኝ! ስንቴ ፀጉርህን ቆርጬሃለሁ!»

«አውቃለሁ እቱ። ግን አንድ ሰው ከወጣ ምልዓተ ጉባኤው ይጎድላል። እንግዳ አምባሳደር አሉብን።»

ከዚያ ዘጋህባት። እሷ በሩን ስትደበድብ ውስጥ ያለው ሰው ዞሮ በበሩ መስታወት ቀዩን ሽርጥ አየ። አጨበጨበላት። «የዛሬዋስ ከትናንቷ ትበልጣለች!» አለ አንዱ። እኔ ከፊት ረድፍ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነበር የተቀመጥኩት፤ የትናንቱ ቴአትር መስሎኝ አልዞርኩም። የእህቴ ጩኸት በጭብጨባው ተውጦ ቀረ።

አንተ ግን ታውቅ ነበር። ከአዳራሹ ሁሉ አንተ ብቻ። ወደ መድረኩ ተመልሰህ ከረባትህን አስተካከልክና «የተከበራችሁ ተወካዮች፣ እንቀጥላለን» አልክ። የደሴቴን ስም ጠርተህ ዓይን ዓይኔን አየኸኝ። «እደግፋለሁ» አልኩ። ፈገግ አልክልኝ! ዘግተህ መመለስህን ሰው ነው፣ ደንብ አሳወረው ልበል። ያ ፈገግታ ግን በየትኛው ደንብ ነው የተጻፈው?

ሁሉም ካለቀ፣ እንግዳው ጨብጠውህ ከወጡ በኋላ፣ ጎንበስ ብለህ «እህትሽ መጥታ ነበር፤ አባትሽን ትንሽ አሟቸው ነው መሰለኝ» አልከኝ። አሟቸው ነው መሰለኝ!

ስደርስ አስገብተውታል። ሐኪሞቹ ከዚያ በላይ መጠበቅ አልቻሉም። እህቴ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። አልጋው እየተገፋ እንኳ «ትንሿ መጣች?» ይል ነበር አለችኝ። «የምነግራት አለኝ።» ለእኔ ንገረኝና ልንገራት ስትለው «ለሷ ነው» አላት። የተናገረው የመጨረሻ ነገር ይኸው ነው።

አባቴ ተርፏል፤ አንደበቱና ቀኝ እጁ ግን አልተረፉም። ይሰማል፣ ያውቀናል። አንዳንድ ቀን እኔን ሲያይ አፉን ይከፍትና ይታገላል፣ ይታገላል፣ ግንባሩ በላብ ይጠመቃል። ስለ ጎሚስታ ቤቱ ነው? ስለ እናቴ ነው? እያልን እንጠይቀዋለን። አይደለም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። አሁን መጠየቁን ትተነዋል፤ እንባው ይመጣበታል።

«ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር» ብለህ ጽፈሃል። አዎ፣ ለአንተ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሜዳሊያህን አልፈልግም፤ ለእንግዳህ ስጣቸው። የጽሕፈት ቤቱን ሐዘንም አልፈልግም። ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የጉባኤው ፎቶ አልጋው አጠገብ ተሰቅሏል፤ እኛ አይደለንም የሰቀልነው፣ እሱ ነው በግራ እጁ እያሳየ ያሰቀለን። ጣቱን አንተ ላይ ያሳርፍና ፈገግ ይላል። በሩን ማን እንደዘጋ አልነገርነውም። እህቴ ልትነግረው ስትነሳ እኔ ነኝ የከለከልኳት፤ ላንተ አዝኜ አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ና። ኮት አትልበስ፤ ንግግርም አታዘጋጅ። ሲያይህ ደስ ይለዋል፣ ግራ እጁን ይዘረጋልሃል። ያዘውና ለእህቴ ምን እንዳልካት ራስህ ንገረው። እኔና እሷ ጓዳ እንሆናለን፤ አንዲት ቃል አናግዝህም። ስትጨርስ እጅህን ካልለቀቀ፣ ያኔ ስለ ይቅርታ እንነጋገራለን።

የጎሚስታው ልጅ