የእንጅባራን ክረምት የቻለ ሽቦ

ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.። ዛሬ ጠዋት ሦስተኛው ሶኬታችን ቀለጠ።

ለተከበሩ የቤት ማኅበራችን ሊቀ መንበር፣ ለአቶ ስሜነህ፤

እርስዎም ቤተሰብዎም በዚህ ዝናብና ብርድ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ድረስ ደኅና ነበርን። የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው።

፩. ስለ ሽቦው አመሰግናለሁ። ከመብራት ምሰሶ ወደ ቆጣሪ የሚዘረጋው የአሉሚኒየም ሽቦ ወደ ግድግዳችንም እንዲገባ ሲወስኑ፣ «የእንጅባራን ክረምት ውጭ ሆኖ የቻለ ሽቦ ጣሪያ ሥር ምን ይሆናል?» ብለው ጉባኤውን ጠይቀው ነበር። ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። ከዝናብ ሌላ ሽቦን የሚጎዳ ነገር መኖሩን ያሰበ ሰው በአዳራሹ አልነበረም።

፪. ይህን ለማወቅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይኸነው ከዳንግላ መምጣት ነበረበት። መጀመሪያ የቀለጠውን ሶኬት ፈትቶ አየና «ጋሼ፣ ግድግዳ ውስጥ የቀበራችሁት ድስት ነው እንዴ?» አለኝ። አሉሚኒየም ሲግል ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ በዚህ መሐል ሽቦውን የያዘው ብሎን ይላላል፤ የላላው ቦታም ይቃጠላል። «ዛሬ ባጠብቀው ለመስቀል ይላላል። ሽቦው ካልተቀየረ ሁለተኛ አትጥሩኝ» ብሎኝ ሄደ።

፫. እናቴ እቴናት ሳንባዋ ስለደከመ ቀንም ሌሊትም የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው። ማሽኑን ስናጠፋ እሷ ትታፈናለች፣ ስናበራ ግድግዳው ይግላል። ስለዚህ እኔና እህቴ እመቤት መዳፋችንን ግድግዳው ላይ አድርገን በየተራ እንቀመጣለን። ከአራቱ ሶኬቶች የቀረን አንድ ነው።

፬. ከሁሉ በላይ ለደንቡ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ግድግዳ የበሳ ወይም ምስማር የመታ አባል ቤቱን ለማኅበሩ ያስረክባል ይላል። ፈቃድ ሦስት ጊዜ ጠይቄ፣ «ለአንዱ ከፈቀድን ሁሉም ይበሳል» የሚል የአባት ምክር ሦስት ጊዜ አግኝቻለሁ። አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥም ማከራየትም አይቻልም። መኖር ባለመከልከሉ እግዜር ይስጥልኝ።

ለእርስዎ ረጅም የሥልጣን ዘመን፣ የመዳብ ሽቦ ለተዘረጋለት ቢሮዎም ያልተቋረጠ ብርሃን እየተመኘሁ፣ ግድግዳ እየዳበስኩ የምኖር አክባሪዎ፣

ባምላክ፣ የቤት ቁጥር 14

ግልባጭ፦ ለግቢው በር፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህችን የምጨምረው ፈቃዱን ለአራተኛ ጊዜ ልጠይቅ ቢሮዎ ውስጥ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው። ጸሐፊዎ ሃና «ጋሼ ባምላክ፣ ማኅተሙ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ስለ በሩ ቀለም ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። ከፊቴ ስድስት ሰው አለ። አሁን እመቤት ደውላ የመጨረሻውም ሶኬት መሽተት ጀምሯል አለችኝ። ይኸነው መዳብ ሽቦ ይዞ ከዳንግላ ተነሥቷል። የቤቱን ቁልፍ ከደብዳቤው ጋር ሃና ጠረጴዛ ላይ ትቻለሁ፤ በደንቡ መሠረት ቤቱን ይረከቡን። እኔ መዶሻ ልገዛ ወጣሁ።