የበርጩማዋ ሦስተኛ እግር

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ወገብዎ ተሻለዎት? መላጊያውን ለታላቅ ወንድሜ ይተዉለት ብዬ ነበር፤ እንደማይሰሙኝ ግን አውቃለሁ። የእማዬስ ጉልበት እንዴት ሆነ? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ነገሩ ግን ዞሮብኛል።

እንደሚያውቁት ሥራዬ የሥዕል አዳራሽ መጠበቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ አትንኩ፣ አትጠጉ ማለት ነው። እግሬ ሲያብጥብኝ ጊዜ እርስዎ የሠሯትን በርጩማ ከቤት አምጥቼ ጥግ ላይ አኖርኳት። ባለፈው ማክሰኞ ውኃ ጠጥቼ ስመለስ፣ የውበት ፍልስፍና የምታስተምር አንዲት መምህርት ከነተማሪዎቿ በርጩማዬን ከብባለች። አንዱ ያጎነብሳል፣ አንዷ ትጽፋለች። አልፌ ልቀመጥ ስል አዲሱ ጥበቃ ክንዴን ይዞ ዕቃው ላይ መቀመጥ ክልክል ነው አይለኝም! በገዛ በርጩማዬ!

የእኔ ናት፣ አባቴ ነው የሠራት ስላቸው ጭራሽ ባሰባቸው። ሁለቱ እግሮች ቡናማ ተቀብተው ሦስተኛው ነጭ እንጨቱ እንደታየ መቅረቱ ነው ውበቷ አለች መምህርቷ። አንዱ ተማሪ ቀለም አልቆባቸው ይሆናል አለ። ሌላዋ ደግሞ ሠሪው ያሰበው ምንም ይሁን፣ እኛ ያየነው ይበቃል አለች። መምህርቷ ውበት የሚታየው ጥቅሙን ስንረሳለት ነው ብላ ስታስረዳ፣ እርስዎ የማይቀመጡበት በርጩማ ማገዶ ነው የሚሉት ትዝ አለኝ። ሁለታችሁም ልክ ትመስሉኛላችሁ። ዐይን ያያል ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የእኔ ልብ ግን መፍረዱ አቅቶታል።

አሁን የአዳራሹ ኃላፊ በመስታወት ሣጥን ላኑራት እያሉኝ ነው። ከሥሯ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ እንዲጻፍ፣ እግሩን ለምን እንዳልቀባው አባትህን ጠይቅልኝ አሉ። እጽፍላቸዋለሁ ብያቸው ወጣሁ። ምክንያቱን ግን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

አባባ፣ ያን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ስዘልባት ተሰበረች። ታናሽ እህቴ ናት ብዬ ዋሸሁ፣ እሷም በእኔ ጥፋት ተቀጣች። እርስዎ አዲስ እግር አስገቡላት፤ ቀለም ግን አልቀቡትም። ወደዚህ ስመጣም ከቤቱ ዕቃ ሁሉ እሷን መርጠው በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። እስከ ዛሬ አውቄብሃለሁ ያሉኝ ይመስለኛል። ስቀመጥባት እንኳ ያን እግር ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ። አሁን ሰው ሁሉ ታምራለች ሲላት ደግሞ፣ ይቅር ብለውኝ ይሆን እላለሁ። መልሼ ደግሞ፣ እውነትም ቀለሙ አልቆ ይሆናል እላለሁ። ጠፋኝ አባባ።

ለኃላፊው የሚሆነውን እንዳሻዎ ይበሉ። ለእኔ ግን እውነቱን ይንገሩኝ፤ ያውቁ ነበር ወይ? እስኪነግሩኝ አልቀመጥባትም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ታላቅ ወንድሜን ሥራ አይብዛብህ በሉልኝ፣ ልጆቹንም አገላብጣችሁ ሳሙልኝ። ለታናሽ እህቴ ግን ሰላምታ ብቻ አይበቃትም፤ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለው ያንብቡላት።

ልጅዎ፣
ከሥዕል አዳራሹ፣ ቆሜ የጻፍኩት
ጥቅምት ፲፪ ቀን