በጋቢ የሸፈንኩት

ሐሙስ፣ የካቲት 5 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ደባርቅ

ዛሬ ሥራ አገኘሁ፤ ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ አላውቅም። የአምስት ወር ሆዴን በባለቤቴ በታደሰ ጋቢ ሸፍኜ ነበር ለፈተናው የሄድኩት። በደባርቅ ብርድ ጋቢ የደረበን ሰው ማን ይጠይቀዋል?

ፈታኙ መጨረሻ ላይ "በበቅሎ መሄድ ትችያለሽ?" አለኝ።

"እንዴታ!" አልኩት። ምን እንደነካኝ እንጃ። ለካ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ የፈለጉት በበቅሎ ካልሆነ ለማይደረስበት ተራራ፣ ለአምባራስ ነው፤ ያውም ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ።

ቤት ስደርስ አማቴ እማማ ዘውዴ አሮጌ ነጠላቸውን እየቀደዱ ለሚወለደው ልጅ መጠቅለያ ያዘጋጃሉ።

"ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረብኝ? ከእንግዲህ ውኃ እንኳ አትቀጂም" አሉኝ።

የቅጥሩን ደብዳቤ ደንግጬ ከመጠቅለያዎቹ መሀል ሸጎጥኩት። ለታደሰ ምን ልበለው? "አትሄጂም" ቢለኝ እናደዳለሁ። "ሂጂ" ቢለኝም እናደዳለሁ።

ይኸን ስጽፍ ቀና ብል እማማ የሉም። ጨርቁን ሁሉ ሊያጥቡ፣ ከነደብዳቤዬ አቅፈው ወደ ወንዝ ወርደዋል። ፊደል አይለዩም፤ የመንግሥት ማኅተም ግን ያውቃሉ። ሮጬ ብደርስባቸው እደርስባቸዋለሁ። እኔ ግን ይኸው፣ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ።